አራት መቶ ግራም ዱቄት

መጋረጃ ሻጭ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም የማትርቅ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ገበያ ለመጥራት አይደለም፤ በኋላ "ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?" እንዳትሉኝ ነው። ቀኑን ሙሉ በተንጠለጠለ ጨርቅ መካከል የሚውል ሰው፣ ነፋስ በገባ ቁጥር ግድግዳው ሁሉ ሲተነፍስ የሚያይ ሰው፣ ቀስ በቀስ ሐሳቡም እንደ ጨርቁ መወዛወዝ ይጀምራል። ደንበኛ ገብቶ "ይሄ በሜትር ስንት ነው?" ሲለኝ ከሩቅ አገር እንደተጠራ ሰው ነው ብንን የምለው። ክረምት ላይ ደግሞ ይብስብኛል። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሱቄ ድረስ ዘልቆ ይገባና ስሱን ነጭ መጋረጃ ከጉሙ ለመለየት በእጄ መዳሰስ ግድ ይሆንብኛል። አንድ ቀን ጉሙን ለአንዲት ሙሽራ ልቆርጥላት መቀስ አንስቼ ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። እኔም አላምነውም፤ ግን መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ስለዚህ ዕድሜዬን ነገርን ሁሉ የለካሁት በሜትር ነው። ኪሎ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሊትርም አውቃለሁ። የሁለቱን ዝምድና ግን ጠይቄ አላውቅም። ሰላም የሚባባሉ ጎረቤቶች ይመስሉኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው በእህቴ በኩል ነው። እትዬ አየለች ሺንሺቾ ነው የምትኖረው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የምዳህ ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። ስትጠየቅ "ገብስ ሲታጨድ ነው" ትላለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ "አይ፣ ባቄላ ሲያብብ ነው" ትላለች። ዘንድሮ ሴቶች ልጆቿ ተመካክረው ከነሐሴ አንዱን እሑድ መርጠው የልደቷ ቀን ብለው ሰየሙላት። ለእሷ አልነገሯትም፤ ድንገት ሊያስደስቷት ነው። ኬኩን ማን ያመጣል ተብሎ በስልክ ምክክር ተያዘ። እኔ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ጠፈጠፉ ከቆርቆሮው ጫፍ ሲንጠባጠብ እያየሁ ሳለ "እኔ በእጄ ጋግሬ አመጣለሁ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነበር።

 ከእህቴ ልጆች ታላቋ ቀስ ብላ "አጎቴ፣ መግዛትም እኮ ትችላለህ" አለችኝ። እልህ ውስጥ የከተተኝ ይሄ ነው። አንድን ሰው ከስህተቱ ለመመለስ ከፈለጋችሁ በርኅራኄ አትናገሩት።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እትዬ አየለች በየዓመቱ ከገዛ ማሳዋ ስንዴ አስፈጭታ ትልክልኛለች፤ ከዱቄቱ ጋር ማርና ቅቤም ይመጣል። ወንደላጤ ስለሆንኩ አብዛኛው የሚያልቀው በአከራዬ በእማማ ዘነበች ቤት ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የእጇ ሥራ መልክ ይዞ፣ ጣፍጦ፣ ወደ እሷ ቢመለስ ብዬ አሰብኩ። ይህን እያሰብኩ አንዲት ሴት ሦስት ሜትር የጠየቀችኝን አምስት ሜትር ቆረጥኩላት።

ስልኬ ላይ ኬክ የምታስተምር ሴትዮ አገኘሁ። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነው። ከኋላዋ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ከታች በኩል ግን ጠርዙ በደንብ አልተመታም። ይህን ሳይ የመጀመሪያው ግማሽ አመለጠኝና መልሼ ከፈትኩት። "አራት መቶ ግራም ዱቄት" አለች። "ሁለት መቶ ግራም ማር፣ ሁለት መቶ ግራም ቅቤ፣ አራት እንቁላል፣ ትንሽ ወተት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር።" ይህን ሁሉ የምትመዝነው ጠረጴዛው ላይ ባለች ስስ ሚዛን ነው። እኔ ያለኝ ብርጭቆ ነው። ጎኑ ላይ የሚሊ ሊትር ምልክት ስላለው በዚያ ሰዓት እንደ ዕድል ቆጠርኩት።

ከትምህርት ቤት የቀረችኝ አንዲት እውቀት አለች፤ "አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው።" ያስተማሩን መምህር ስለ ውሃ ሲናገሩ እንደነበር አሁን ገብቶኛል። ያኔ የምቀመጠው መስኮት አጠገብ ስለነበር ውሃው ሳያልፈኝ አልቀረም። ስለዚህ አራት መቶ ግራሙን አራት መቶ ሚሊ ሊትር አደረግኩት፤ ማሩንም ቅቤውንም በዚያው ሒሳብ። ዱቄቱን እንደ ውሃ ሰፈርኩ፣ ማሩን እንደ ውሃ ሰፈርኩ፣ በወፍራም ድስት አድርጌ ክዳኑን በጨርቅ አፍኜ ምድጃ ላይ ጣድኩና ጎኑ ተቀመጥኩ። ሲፈላ እንደ ዝናብ ድምፅ አለው። ኬክ ይፈላል እንዴ ብዬ መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ደስ ስላለኝ ዝም ብዬ አዳመጥኩት።

እማማ ዘነበች ሽታው ስቧቸው መጡ። አባታቸው በድሮ ጊዜ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም ሆሳዕና ተወልደው ሆሳዕና አርጅተዋል። ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ነገር አይቀምሱም። ክዳኑን ከፍተው ጎንበስ ብለው አዩት። ማንኪያውን አንስተው ከፍ አድርገው ለቀቁት፤ ወርቅማ ሆኖ እንደ ክር ወረደ።

"ልጄ" አሉኝ "ይሄ ብርዝ ነው።"

"ኬክ ነው እማማ። ገና አልያዘም።"

"ዱቄቱን የት አደረግከው?"

"ውስጡ ነው።"

እንደገና አዩት። "ፆም ባይሆንም አልቀምሰውም ነበር" አሉ፤ በክፋት ሳይሆን ፆማቸውን ከሰበብነት ለማዳን ይመስለኛል። ከዚያ ዱቄቱን ከከረጢቱ በእፍኛቸው ዘገኑና በጣቶቻቸው መካከል አፈሰሱት። "ይሄ እኮ ግማሹ አየር ነው። ማር ደግሞ አየር የለውም። ሚዛን ፈልግ።"

ሌላ ሰው ቢሆን የዚያኑ ዕለት ሱቅ ሄዶ ባለ ኪሎ የፋብሪካ ዱቄት ገዝቶ ለሁለት ከፍሎ ትንሽ ይቀንስለት ነበር። እኔም አስቤው ነበር። ግን የሷ ስንዴ ካልሆነ ምን ትርጉም አለው? ከእህቴ ዱቄት በዓይኔ የገመትኩትን ያህል በላስቲክ ቋጠርኩ፣ ብርጭቆዬንና የማሩን ጠርሙስ ኪሴ ከተትኩና ሚዛን ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከሱቄ ፊት ለፊት ያለ እህል ነጋዴ ዘንድ ነው። ሚዛኑ መሬት ላይ የተዘረጋ፣ ጆንያ የሚጫንበት ብረት ነው። ዱቄቴን መሃሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውዬው መርፌውን ካየ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

"አስቀመጥከው?"

"አስቀምጬዋለሁ።"

ጎንበስ ብሎ ዱቄቱን ፈለገ፤ አገኘውና ቀና አለ። "ይሄ ሚዛን ከጆንያ በታች ሲናገሩት አይሰማም። እስቲ ይዘኸው ቁምበት፤ ከዚያ ሳትይዘው ቁምበት። ልዩነቱ ዱቄትህ ነው።"

ይዤው ቆምኩ፤ ሳልይዘው ቆምኩ። መርፌው ለሁለቱም ያው ነበር። ነጋዴው አገጩን እየዳሰሰ አሰበና "ምሳ በልተሃል?" አለኝ። አልበላሁም ነበር። ከዚያ ሰውነቴንና ዱቄቱን አንድ ላይ ባዘነ ዓይን አይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቀጥሎ ወርቅ ሠሪው ዘንድ ገባሁ። የሱ ሚዛን በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ሳህን ያለው ነገር ነው። ሰውዬው ዝምተኛ ነው። ነገሩን ስነግረው አልሳቀብኝም፤ እንዲያውም ዓይኑ በራ። የመስታወቱን በር ከፍቶ ቁንጥር ዱቄት ሳህኗ ላይ አደረገና "አትተንፍስ" አለኝ። አልተነፈስኩም። እሱም አልተነፈሰም። ዱቄቱ በመብራቱ ሥር ተቀምጦ ነጭ ተራራ መሰለኝ፤ ጫፉ ላይ ጉም ያለበት፣ ከሥሩ አንድ ሰው በበቅሎ የሚሄድበት። ሁለተኛ ቁንጥር ጨመረ። ውጭ ዝናቡ ካፊያ ሆነ፤ እኛ ግን ትንፋሻችንን ይዘን ተራራውን እናሳድጋለን። ለቀለበት የመጡ ጥንዶች ገብተው ከኋላችን ቆመው ኖሯል፤ ወንዱ በሹክሹክታ "ይሄ ምን ዓይነት ወርቅ ነው?" ሲል ነው ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የተነፈስነው። ተራራው ጠፋ። የጥንዶቹ ልብስ ላይ ጥቂት ተገኘ።

ወርቅ ሠሪው ሳህኗን በላባ እየጠረገ "በዚህ አካሄድ መስቀል ይደርስብናል" አለኝ። ቀጥሎም "ጤና ጣቢያ ሕፃን የሚመዝኑበት አለ። ዱቄትህ ከወርቅ ይከብዳል፣ ከጆንያ ይቀላል። ልኩ ሕፃን ነው" አለኝ። እኔም እውነቱን ነው አልኩና ሄድኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ካፊያው ዱቄቱን እንዳያረጥበው ጋቢዬን አውልቄ ጠቅልዬው ነበር። እንዳይፈስ ደግሞ ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ አንድ እጄን ከሥሩ፣ አንድ እጄን ከላዩ አድርጌ ነው የያዝኩት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ያሉት ዘበኛ ሲያዩኝ ሰልፉን በእጃቸው ከፈሉና "አሳልፉት፣ ብርድ እንዳይመታው" አሉ። ዱቄት ብርድ እንደሚጎዳው አላውቅም ነበር፤ አመሰገንኳቸው። እናቶቹ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ያን ሁሉ ሰዓት ከተማው በሙሉ ስለ ዱቄቴ ሲጠይቀኝ ስለዋለ እነሱም የሚጠይቁኝ ስለሱ መሰለኝ። ደግሞም ደክሞኝ ነበር፤ አግዳሚው ሞቅ ይላል፤ የሕፃናቱ ትንፋሽ ወተት ወተት ይሸታል።

"ስንት ነው?" አለችኝ አጠገቤ ያለችው።

"አራት መቶ ግራም መሆን አለበት" አልኳት። "ገና በሚዛን አላየሁትም።"

አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ ሰልፉን ይዞ ወረደ፤ ጫፍ ላይ ያለችው ሴት ተነስታ አየችኝ። "ያለ ጊዜው ነው?" አለች አንዷ። እውነት ነው፣ የተባለው ቀን ገና ነበር። "እሑድ ነው መድረስ ያለበት" አልኳት። "አሁን ግን አስፈላጊው መጠኑ ነው።"

"ቤት ማን ያግዝሃል?"

"ማንም የለም። ብቻዬን ነኝ።"

ከፊት የነበረች ደማቅ ሹራብ የለበሰች ሴት ዞር ብላ ፊቴን ስታጠና ቆየች። "አንተ የሺንሺቾዋ የአየለች ወንድም አይደለህም?"

"ነኝ።"

"አየለች ታውቃለች?"

"አታውቅም። ድንገት ነው ላደርስላት የፈለግኩት። እባክሽ እንዳትነግሪያት።"

ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። እጇን ጋቢው ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች፤ ሌሎቹም እጃቸውን ዘረጉ። በእኛ አገር እህል ላይ መጸለይ አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ሙሉ አግዳሚ ሰው ለኬኬ ሲጸልይለት ልቤ ተነካና እኔም "አሜን" አልኩ። ሴትየዋ ተራዋ ደርሶ ገባች፤ ልጇን አስመዝና ስትወጣ "እግዚአብሔር ያሳድገው" ብላኝ ሄደች። መነፋቱን ነው ብዬ ተረዳሁት።

ሲስተር ምህረት ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል ተቀበለችኝ። ስሟን ያወቅኩት ነጭ ካፖርቷ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው።

"አባቱ እርስዎ ነዎት?"

"ባለቤቱ ነኝ" አልኳት።

"ክትባት ወስዷል?"

ለዱቄት ክትባት መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። ግን የጤና ሰው ናት። "ነቀዝ የለውም" አልኳት።

አሁን ቀና አለች። "ጋቢውን ይፍቱለት።" ፈታሁት። ላስቲኩን ለረጅም ጊዜ አየችው። "ዱቄት ነው" አለች።

"የስንዴ።"

"ምን ሆነ?" አለች፤ እናቶቹን በምትጠይቅበት በዚያው ድምፅ። አሁን ነው የነቃሁት። አግዳሚው፣ ጸሎቱ፣ እንባው፣ ሁሉም ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ በአንድ አለፈብኝ። ባለ ሹራቧን ሴት ልነግራት ሮጬ ወጣሁ፤ ሄዳለች። ሌሎቹ እናቶች ባዶ እጄን ሲያዩ እግዚአብሔርን ማመስገን ጀመሩ፤ አልጋ አግኝቷል ብለው መሆን አለበት። ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝና ተመልሼ ገባሁ።

"ሕፃናቱ ይቅደሙ" አለችኝ ሲስተር ምህረት። "ሲያልቁ እናየዋለን። እዚያ ጥግ ይቀመጡ።"

ጥግ ተቀመጥኩ። ሚዛኑ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ነው፤ የግድግዳ ሰዓት የሚመስል ፊት አለው፤ ከሥሩ ሰማያዊ፣ እግር ማስገቢያ ያለው የጨርቅ ሱሪ ይንጠለጠላል። ሕፃኑን እዚያ ውስጥ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ሕፃኑ በአየር ላይ ትንሽ ይዞራል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ፣ መብረር የጀመረ ያህል፣ ክፍሉን ይቃኛል። እናትየዋ ልጁን ሳይሆን መርፌውን ነው የምታየው። መርፌው ከባለፈው ከፍ ያለ እንደሆነ እሷም ከወንበሯ ከፍ ትላለች። በመስኮቱ የሚገባው የክረምት ብርሃን ግራጫ ነው፤ መጋረጃ የለውም። በልቤ ወርዱን ለካሁት።

ሕፃናቱ ሲያልቁ ዱቄቴን ያንን ሰማያዊ ሱሪ አለበሰችው። ሁለት እግሩ ወፍራም ሆነ። አየር ላይ አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለታችንም መርፌውን አየን፤ ከአራት መቶ ሲያልፍ ትንሽ በማንኪያ ቀነስንለት፤ እንደገና ሲያንስ ጨመርንለት። ልክ ሲሆን ሲስተር ምህረት በጣም በዝግታ "ጎበዝ" አለችው። ከዚያ ብርጭቆዬን ከኪሴ አወጣሁ፤ ቤት ስገባ ያለ ሚዛን እንድሰፍር ዱቄቱ የደረሰበት ሚሊ ሊትር ላይ ምልክት ልናደርግ ነው። ያኔ ነው ነገሩ የከበደው። ዱቄቱ ሦስት ብርጭቆ ሞልቶ ተረፈ። ሲስተር ምህረት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው፤ ዱቄቱ ዓይናችን እያየ ወደ ታች ሰመጠ። ያው ዱቄት፣ ያው ክብደት፣ አሁን ግን ሦስት ብርጭቆም አይሞላም።

"የትኛው ነው ትክክሉ?" አልኳት።

"እኔ እንጃ" አለች። "ሕፃን እንዲህ አያደርግም።"

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን ለማንም ባልናገር ይሻል ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ መዘንን። ያው ብርጭቆ ማር ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለማየት ከኪሴ የማር ጠርሙሱን አወጣሁ፤ ማሩ ውሃውን በልጦ መርፌውን ጎተተው። ዱቄቱ የውሃውን ግማሽ ያህል ሆነ። እሷ ስኳር ከሻይ ዕቃዋ አመጣች፤ እኔ ጨው ለመንኩ። "ጥጥስ?" አለች፤ ጥጥ ብርጭቆ ሙሉ አድርገን ሰቀልንና መርፌው ባዶውን ብርጭቆ ከመዘነበት ነቅነቅ አላለም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁለታችንም ደስ አለን። ከሞርሲቶ እንደመጣች፣ አባቷ ገበሬ እንደሆነ፣ ልጅ ሳለች ወተት በቅል ሲሰፈር ማየት ትወድ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ከምባትኛ፣ እሷ ሀዲይኛ ነው የአፍ መፍቻችን፤ በአማርኛ ነው ያወራነው። "እርስዎ" ማለቷን የት ላይ እንደተወችው አላስታውስም። ዝናቡ ሲያባራ ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ ገባች፤ በአየሩ ላይ ዱቄት ሲንሳፈፍ አየን፤ ያኔ ምንም ሳንመዝን ተቀምጠን ቆየን። በመጨረሻ ዱቄቱ ሳይመታ በደረሰበትና ተመትቶ በወረደበት ከፍታ መሃል ለመሃል ምልክት አደረግንና ተስማማን።

"ሲበስል ንገረኝ" አለች። "መጥቼ አየዋለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ኬኩ በሰለ። የቤቱ ወለል ስለተዘነበለ አንድ ወገኑ ከፍ፣ አንድ ወገኑ ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ይዟል። እማማ ዘነበች ዙሪያውን ዞረው አሽትተው "በመዓዛው ከሆነ ደህና ነው" አሉ። ለሲስተር ምህረት ደወልኩላት፤ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ አለች። ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በነጭ ስስ መጋረጃ ቁራጭ ሸፈንኩትና እያየሁት ተቀመጥኩ።

የግቢው በር ሲከፈት እሷ መሰለችኝ። እትዬ አየለች ነበረች። በአንድ እጇ በእንሰት ቅጠል የታሰረ ቡላ፣ በሌላው የቅቤ ማሰሮ፤ ብብቷ ሥር እግሯ የታሰረ ዶሮ። ሰላምታ አልሰጠችኝም። ገብታ አልጋዬን አየች፣ ከአልጋው ጀርባ አየች፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

"እናቱ የት ናት?"

"የማን እናት?"

"የልጁ። ዓለምነሽ ልጇን አስመዝና ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ደወለችልኝ። አራት መቶ ግራም ነው አለችኝ። ብቻውን ነው አለችኝ። ትናንት ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ነው ያልመጣሁት።"

"እትዬ፣ ልጅ የለም።"

ፊቷ ሲጠፋ አየሁት። ዶሮዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። "ሞተ?" አለች።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልደቱን፣ ዱቄቱን፣ ጋቢውን፣ ጸሎቱን። መጋረጃውን ገልጬ ኬኩን አሳየኋት።  መሳቅ ይገባት ነበር፤ የሳቀች መስሎኝም ነበር። ማልቀሷን ያወቅኩት በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ ነው።

"ስሰማ ተናድጄ ነበር" አለች። "ሳያገባ፣ ሳይነግረኝ፣ በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዴት እቆማለሁ አልኩ። ዱራሜ ስደርስ ንዴቱ ለቀቀኝ። አንጋጫ ላይ ስም እያወጣሁለት ነበር።"

"ማን ልትይው ነበር?"

"ተወው አሁን።"

 ለእሷ ደስታ ብዬ ባዘጋጀሁት ነገር ያለቀሰች ሰው ፊት ለፊት መቀመጥ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ዶሮዋ ብቻ ነበረች የምትናገረው። ያኔ ሲስተር ምህረት ጥላዋን እያጠፈች በበሩ ብቅ አለች። ነጭ ካፖርቷን እንደለበሰች ነበረች። ወንበሩ ከበሩ ጀርባ ስለሆነ እህቴን አላየቻትም።

"ልጁስ እንዴት ነው?" አለች በፈገግታ። "ተነፋ?"

እትዬ አየለች ተነስታ ቆመች።

እሱን ለማስረዳት የፈጀብን ጊዜ ኬኩን ከጋገርኩበት ይበልጣል። ሲስተር ምህረት ከሀፍረቷ የተነሳ ጥላዋን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች። እህቴ እሷን አይታ እኔን ታያለች፣ እኔን አይታ እሷን። ቀስ በቀስ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር ሲመጣ አየሁ፤ ገበያ ላይ የፈለገችው እህል ባይኖርም የሚዘራ ነገር ያገኘች ሴት ፊት ነው። እጅጌዋን ሰበሰበችና "ድስት ስጠኝ" አለች። ቡላውን በቅቤ አገነፋች። ለእማማ ዘነበች ቅቤ የሌለበትን ለየችላቸው። እንዲህ ሆኖ አራስ በሌለበት ቤት፣ አንዲትም የወለደች ሳትኖር፣ ክብ ተቀምጠን የአራስ ገንፎ በላን። እህቴ ሲስተር ምህረትን የማን ልጅ እንደሆነች፣ የሞርሲቶ ሰው ቡላውን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ጠየቀቻት። የሁለቱ ቋንቋ የሚገናኝበትን ቃል ባገኙ ቁጥር እኔን ትተው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በአማርኛ ይመለሳሉ።

ኬኩን ቆረስን። እትዬ አየለች ረጅም ጊዜ አኘከች። "የእኔ ስንዴ ነው" አለች። ቀጥላም "ጨው ረስተሃል።" የቀረውን ለልጆቿ በእንሰት ቅጠሉ ጠቀለለችው፤ ኬኩን የምታደርሰው ራሷ ስለሆነች ልደቱ በማግስቱ በሺንሺቾ ያለ እኔ ይከበራል። እሷን ግን ይህ ያን ያህል አላስጨነቃትም።

ወደ ማታ ሁለታችን መናኸሪያ ሸኘናት። ሚኒባሱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቅቤ የተረፈበትን ማሰሮ ለሲስተር ምህረት ዘረጋችላት።

"ይሄን አንቺ ያዢው።"

"እኔ ምን ላድርገው?"

"አስቀምጪው። ገና ለጋ ነው። ለአራስ የሚሆነው ሲቆይ ነው።"

ሲስተር ምህረት በሁለት እጇ ተቀበለች። ወደ እኔ አላየችም። "ምን ያህል ይቆያል?" ብላ ጠየቀች፤ የጤና ባለሙያ ናትና ልኩን ማወቅ ትፈልጋለች።

"እሱ በእናንተ ነው" አለች እህቴ፤ ኬኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ገባች።

ሚኒባሱ ወጣ። ጉሙ ከአስፋልቱ ላይ መነሳት ጀምሯል። እስከ ሲስተር ምህረት ቤት ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ማሰሮው የከበዳት መስሎኝ ልያዝልሽ አልኳት። አልከበደኝም አለች፤ አልሰጠችኝምም።